ዩናን በትንሽ ገንዘብ፦ ዳሊ፣ ሻሺ፣ ሊጂያንግ፣ ሻንግሪላ። 12 ቀን ይበቃል?

ማሪቱ_በቦርሳ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቻይና፣ ጓንዡ ነው ያለሁት። ማስተርሴን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፌን ባለፈው ሳምንት ተከላክያለሁ። ጠቅልዬ ወደ ሀገሬ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ቆርጫለሁ፤ የዩናንን ክፍለ ሀገር ሳላይ አልሄድም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፎቅና ከፋብሪካ በቀር ያየሁት ነገር የለም። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቱሪስት ቪዛ ይመጣል፤ አብረን ነን።

ያለን 12 ቀን ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ። ገንዘቡ ለሁለታችን 5,000 ዩዋን፣ ከጓንዡ ኩንሚንግ ደርሶ መልሱን ሳይጨምር። በካርታ ሳየው መንገዱ ቀላል ይመስላል፤ ኩንሚንግ፣ ዳሊ፣ ሊጂያንግ፣ ሻንግሪላ። ሻሺ የምትባል ትንሽ ከተማም አለች ይላሉ። ግን ቻይናውያን ጓደኞቼ ስለ ሊጂያንግ ሲያወሩ ፊታቸው ይጨማደዳል። ልዝለላት ወይስ ልያት? ሌላው ነገር የሰኔ ጾም ላይ ነን፤ ምን እንበላለን? ዝናቡስ? ወንድሜ ደግሞ ጫማው አንድ ነው፤ እሱም ስኒከር።

---

ሲራራ

ኩንሚንግ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። መስመሩን በአውቶቡስም በባቡርም ደጋግሜ ስለሄድኩት ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ገንዘቡ ይበቃል። 12 ቀኑም ይበቃል፤ አንድም ከተማ ካልጨመርሽ። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ነው። ዩናን ውስጥ ገንዘብ የሚበላው መኝታ አይደለም፤ መንቀሳቀስ ነው። ቁጭ ባልሽ ቁጥር ይረክሳል።

ኩንሚንግ አንድ ሌሊት ይበቃል። ከዚያ ወደ ዳሊ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት፣ ዋጋው ወደ 150 ዩዋን ገደማ። መስመሩ የተከፈተው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሩ የሚያወርድሽ ግን አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ሺያጓን ነው። አሮጌው ከተማ ከዚያ በስተሰሜን ራቅ ይላል። ጣቢያው በር ላይ ባለታክሲዎች ይከቡሻል፤ ዝም ብለሽ እለፊያቸውና የከተማ አውቶቡስ ያዢ። ጥቂት ዩዋን ነው።

ዳሊ ሦስት ሌሊት ስጪያት። በምዕራብ ጻንግሻን የሚባለው ተራራ፣ 19 ጫፍ፣ በየመሃሉ 18 ጅረት። በምሥራቅ ኧርሃይ ሐይቅ። ከተማዋ በሁለቱ መካከል ተኝታለች። ከ937 እስከ 1253 የራሷ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ ሞንጎሎቹ መጥተው እስኪወስዷት ድረስ። ከተማ ውስጥ መግቢያ አይከፈልም። ሦስቱ ፓጎዳዎች 75 ዩዋን ይጠይቃሉ፤ እኔ ብሆን ከውጭ አይቼ አልፋቸዋለሁ። ረጅሙ 69 ሜትር ስለሆነ ከሩቅም ይታያል። ያን ገንዘብ ብስክሌት ተከራዩበትና ሺዡ የምትባለውን የባይ ሕዝብ ከተማ እዩ፤ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም ሜዳ። እዚያ "ባባ" የሚሉት ከላይና ከታች በፍም የሚጋገር ቂጣ አለ። ጨዋማም ጣፋጭም ይሠራሉ። ጨዋማው ሥጋ አለበት፤ ለጾም ጣፋጩን እዘዙ፣ እሱንም ምን እንደቀቡት ጠይቃችሁ።

ከዳሊ ወደ ጂያንቹዋን አውቶቡስ፣ ከጂያንቹዋን ሻሺ ሚኒባስ። ሚኒባሱ እንደኛ ሀገር ሞልቶ ነው የሚሄደው። ሻሺ ስትደርሱ አርብን አስበሽ ድረሺ፤ ገበያው አርብ ነው። ሌላውን ሁሉ እርሺው፣ ይቺን ግን አትርሺ።

ከዚያ ሊጂያንግ ሁለት ሌሊት፣ የነብር ዝላይ ገደል አንድ ሌሊት፣ ሻንግሪላ ሁለት። ከሻንግሪላ በባቡር ቀጥታ ወደ ኩንሚንግ ትመለሳላችሁ። የሊጂያንግ ሻንግሪላ ባቡር የተከፈተው በኅዳር 2023 ነው፤ ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ አሁን ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው። ለእኔ ግን የአውቶቡሱ ጊዜ ይሻል ነበር። ዋሻ ውስጥ ተራራ አይታይም።

መኝታ በጋራ ክፍል ከ40 እስከ 60 ዩዋን በሰው። ለሁለት ከሆናችሁ ግን ከጋራ ክፍል ይልቅ ትንሽ ገስት ሀውስ ይሻላችኋል፤ በሰኔ 100 እና 120 ዩዋን ላይ ጥሩ ክፍል ታገኛላችሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዋጋው ይወጣል። ምግብ በቀን በሰው 60 አስቢ።

---

የካዛንቺስ_ልጅ

ሊጂያንግን ዝለያት። ጨረስኩ።

እሺ ላብራራ። ማታ ማታ ባሩ እንደ ቺቺኒያ ይጮኻል። በየሁለት ሱቁ የአፍሪካ ከበሮ ይሸጣሉ፤ ጀምቤ። የምቀልድ መስሎሽ ይሆናል፣ ሄደሽ ታያለሽ። በር ላይ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ከስፒከር ከሚወጣ ዘፈን ጋር ዱም ታክ ዱም ታክ ታደርጋለች። እኔን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነስታ "ፌይዡ! ፌይዡ!" ብላ ከበሮውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። አፍሪካ ማለቷ ነው። ሰው ተሰበሰበ። እኔ በሕይወቴ የመታሁት የሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ብቻ ነው። ያንኑ መታሁላቸው። አጨበጨቡ። ልጅቷ ቪዲዮውን አሁንም ለገበያ እየተጠቀመችበት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ነዋሪው ቤቱን ለነጋዴ አከራይቶ አዲሱ ከተማ ገብቷል። የቀረው ጌጥ ነው። ጌጥ ለማየት 2,400 ሜትር መውጣት አያስፈልግም።

---

ጋሽ_ምሰሶ

ልጄ ካዛንቺስ፣ ሳቅ አስቀኸኛል። ግን በችኮላ ፈርደሃል።

እኔ የሕንፃ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሊጂያንግ የሄድኩት ለቤቶቹ ብዬ ነው። የካቲት 3 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። አዲሶቹ የኮንክሪትና የብሎኬት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ፈረሱ። አሮጌዎቹ የናሺ፣ የአካባቢው ሕዝብ ቤቶች ግን በእንጨት ማዕቀፍ የቆሙ ናቸው። ምሰሶና አግዳሚው በሚስማር ሳይሆን በምላስና በጉድጓድ ተገጣጥሟል። መሬት ሲናጥ አብሮ ይናጣል። ግድግዳው ተናደ፣ ጣሪያው ግን ቆመ። እዚያ አገር "ግድግዳ ቢወድቅ ቤት አይወድቅም" የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ መልሶ ግንባታው አሮጌውን ዘዴ ተከተለ፤ በታኅሣሥ 1997 ደግሞ ዩኔስኮ መዘገባት። ስለዚህ "ጌጥ ነው" ስትል የትኛውን ማለትህ ነው? ሱቁን ከሆነ እስማማለሁ። ቤቱን ከሆነ አልስማማም።

ማሪቱ፣ ሂጂ። ግን ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ውጪ። ሱቆቹ አልተከፈቱም፣ ከበሮው ተኝቷል። "ሦስት ዓይን ጉድጓድ" የሚሉትን ፈልጊ። ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ውኃ በሦስት ገንዳ በተራ ይወርዳል። የመጀመሪያው ለመጠጥ፣ ሁለተኛው አትክልት ለማጠብ፣ ሦስተኛው ለልብስ። አሮጊቶቹ ሕጉን ዛሬም ያውቁታል። እኔ ሳላውቅ ከመጀመሪያው ላይ እጄን ልታጠብ ስል አንዲት እናት በጎመን እሸት እጄን መቱኝ። ትክክል ናቸው።

ሌላም ነገር አስተውዪ፤ ከተማዋ ቅጥር የላትም። የጥንት ገዢዎቿ ሙ የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ፊደሉ ዛፍ፣ እንጨት ማለት ነው። ይህን ፊደል በአራት ማዕዘን ብታጥሪው ሌላ ቃል ይሆናል፤ መታገት፣ መቸገር። ስለዚህ ቅጥር አልሠሩም ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ እኛ ቅኔ ለምደናልና አይከብደንም።

---

የካዛንቺስ_ልጅ

ጋሼ እርስዎ ካሉ ይሁን። ግን ባይሻ የምትባለው መንደር ይደሩ በሏቸው፤ ሊጂያንግ መሃል አይደሩ። ሰሜን በኩል ትንሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ የዩኔስኮው ምዝገባ ውስጥም አለች። በረዶው ተራራ ፊት ለፊት ይታያል፣ ማታ ጸጥ ይላል። አሁን እዚያም ቡና ቤት እየበዛ ነው፤ ቢሆንም ከበሮ የለም።

---

ማሪቱ_በቦርሳ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገንዳዎቹን አያለሁ፤ እጄን ኪሴ ከትቼ።

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰልኝም። የጓንዡ ልጆች "ቶፉ ብዪ" ነው የሚሉኝ። ሦስት ዓመት ቶፉ በልቻለሁ።

---

ዎ_ቺ_ሱ

ስሜን እይው፤ "ጾመኛ ነኝ" ማለት ነው ማለት ይቻላል። "ዎ ቺ ሱ" ስትይ ሥጋ የማይበላ የቡድሃ እምነት ሰው እንደሆንሽ ይገባቸዋል፣ ያከብሩሻልም። "ሥጋ አታድርጉበት" ብቻ ካልሽ ግን ተሸውደሻል። የሩዝ ኑድሉን ያቀርቡልሻል፣ ላዩ ላይ ያሉትን የሥጋ ቁርጥራጮች በማንኪያ ይለቅሙልሻል፤ መረቁ ግን ሌሊቱን ሙሉ በአጥንት ሲፈላ ያደረ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት እንደዚያ ስጾም ከርሜያለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል።

ጎመኑ ደግሞ በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው። "ቡ ያዎ ዡ ዮው" በያቸው፤ የአሳማ ስብ አይሁን። ተራራ ላይ ባለ ቤት ከሆነ ሁለቴ በያቸው።

ምን ትበላላችሁ? ሊጂያንግ ውስጥ "ጂዶው ሊያንግፈን" የሚባል አለ። ከሽምብራ መሰል ትንሽ ጥራጥሬ የሚሠራ ነው። ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው ያበስሉታል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ቆርጠው በበርበሬና በሆምጣጤ ይሰጡሻል። ወይም ይጠብሱታል። የረጋ ሽሮ በዪው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ የረሳሁት ሽሮ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በፍም የሚጠበስ የሩዝ ሊጥ አለ፣ "ኧርኳይ"፤ በቁርስ ሰዓት መንገድ ላይ ይሸጣል። ዳሊ ላይ እንደ ማራገቢያ ተጠቅልሎ በእንጨት የሚጠበሰው ነገር አይብ ነውና አትሳሳቱ። ከጾሙ በኋላ ግን ሞክሩት።

ዋናው ነገር እንጉዳይ ነው። በክረምቱ ዝናብ ዩናን በእንጉዳይ ያብዳል። ገበያው በሙሉ እንጉዳይ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ሲነካ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ አንድ ዓይነት አለ፣ ሰው ይወደዋል። በደንብ ካልበሰለ ግን ይመርዛል፤ የበላው ሰው ትንንሽ ሰዎች ሲጨፍሩ ያያል ይባላል። ቀልድ አይደለም፣ ሆስፒታል ያስገባል። ስለዚህ የእንጉዳይ ቤት ስትገቡ ድስቱን ፊታችሁ ጥደው የሰዓት መቁጠሪያ ያስቀምጣሉ፤ እስኪጮህ ድረስ ቾፕስቲክ እንኳ አይሰጧችሁም። እኛ ገበታ ላይ 15 ደቂቃ እጃችንን አጣጥፈን የጠበቅነው ከአባታችን ጸሎት በቀር ያን ቀን ብቻ ነው። ከመንገድ ገዝታችሁ ራሳችሁ አታብስሉ። መረቁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ ነው፤ "ሱ" ብላችሁ እዘዙ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እዚህ ክር ላይ የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካዊ ፓስፖርት ይዤ በ240 ሰዓቱ የትራንዚት ፈቃድ ነው የገባሁት። ከአንድ አገር መጥተሽ ወደ ሦስተኛ አገር የምታልፊ ከሆነ ያለ ቪዛ 10 ቀን ይሰጡሻል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቪዛ ግድ ነው። የጀርመን ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ትራንዚትም አያስፈልጋችሁም፣ በቀጥታ 30 ቀን ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ዩናን ውስጥ ዳሊንና ሊጂያንግን ይጨምራል፤ ሻንግሪላ ያለችበትን የዲቺንግ አካባቢ ግን አይጨምርም። የነብር ዝላይ ገደል የእግር መንገዱም ከወንዙ ሰሜን ስለሆነ በሻንግሪላ አስተዳደር ሥር ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ቦርሳዬን አዝዬ ቲኬት ልቆርጥ ስል ነው። ሊጂያንግ ቀረሁ። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ።

ሌላው፣ ከአጎቴ ልጅ ጋር ነበርኩ፤ እሱ ከአዲስ አበባ። "ነገ በሁለት ሰዓት ጣቢያው በር ላይ" አለኝ። እኔ በ14:00 ሄድኩ። እሱ ከጠዋቱ 8:00 ጀምሮ ቆሞ ነበር። ባቡሩ የሄደው 8:40 ላይ። እስካሁን በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ይሰድበኛል።

---

ማሪቱ_በቦርሳ

ወይኔ! ከወንድሜ ጋር በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው የምናወራው ማለት ነው።

---

ሲራራ

ቲኬቱን ራስሽ በባቡሩ መተግበሪያ ላይ ቁረጪ፤ ከ15 ቀን በፊት ይከፈታል። ፓስፖርቱ ራሱ ቲኬት ነው፣ ወረቀት የለም። የወንድምሽ ፓስፖርት ማሽኑ ላይ እንቢ ካለ ከዳር ሠራተኛ የቆመበት በር አለ፤ ወደዚያ ሂዱ። ክፍያውን በአንቺ ስልክ አድርጊው። ጎመን የምትሸጥ አሮጊት እንኳ የክፍያ ኮዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጥሬ ገንዘብም መቀበል ግዴታቸው ነው፤ መልስ ግን የላቸውም።

አንዳንድ ትንንሽ ማረፊያዎች "የውጭ ሰው አንቀበልም" ይላሉ። እኔን አንድ ከተማ ላይ በሌሊት በዝናብ መልሰውኛል፤ ክፍሉን በኢንተርኔት ከከፈልኩ በኋላ። ብዙውን ጊዜ ክፋት አይደለም። እንግዳን በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ አለባቸው፣ የፓስፖርት ምዝገባውን አሠራር ግን አያውቁትም። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት "ሁለት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነን" ብለሽ ጻፊላቸው። ቻይንኛ ስለምትችዪ አይከብድሽም።

ስለ ሻሺ ቅድም ቸኩዬ አለፍኩ። ስሜን ያወጣሁት ከዚያ መንገድ ነውና ልመለስበት።

አያቴ የሲራራ ነጋዴ ነበር። አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ይወጣ ይወርድ እንደነበር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሻሺ ስደርስ ያው ታሪክ በሌላ ቋንቋ ጠበቀኝ። ከደቡብ ዩናን ሻይ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ቲቤት ይወጣል፣ ከቲቤት ፈረስ ይወርዳል። ሻይው ለጭነት እንዲመች ተጠፍጥፎ እንደ ጠፍጣፋ ድፎ ይደረጋል። የሻሺ አካባቢ ደግሞ የጨው ጉድጓዶች ነበሩት፤ ከተማዋን ያቆማት ጨው ነው። ነጋዴው በየአደባባዩ ያርፋል፣ በቅሎው ይራገፋል፣ ወሬ ይለዋወጣል።

አደባባዩ ዛሬም አለ፤ ሲደንግ ይባላል። ቀላ ያለ የድንጋይ ንጣፍ፣ ሁለት አሮጌ ዛፎች፣ በአንድ ወገን በ1415 የተመሠረተ ቤተ መቅደስ፣ ፊት ለፊቱ ባለ ፎቅ የቲያትር መድረክ። የጎን በሮች አሉ፤ በምሥራቁ ወጥተሽ ወደ ወንዙ ስትወርጂ በአንድ ቅስት የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ታገኛለሽ። በ2001 እ.ኤ.አ. ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ድርጅት አደጋ ላይ ካሉ 100 ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ከዚያ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከጂያንቹዋን ወረዳ ጋር ሆነው ጠገኗት። ሲጠግኑ አላስዋቧትም፤ የተሰነጠቀው ተሰንጥቆ ቀርቷል። ልዩነቷ እሱ ነው።

---

ጋሽ_ምሰሶ

እውነት ብለሃል ሲራራ። ጥገና ማለት ያ ነው። ሻንግሪላን ስታዩ ደግሞ ተቃራኒውን ታያላችሁ። አሮጌው ከተማ ዱከዞንግ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. በሌሊት እሳት ተነስቶ ከ200 በላይ ቤት ተቃጠለ። እንጨት ነው፣ ብርዱም ከባድ ነበር፤ የእሳት ማጥፊያው ውኃ ቧንቧ በብርዱ ምክንያት አገልግሎት ላይ አልነበረም። አሁን የምታዩት አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። እንጨቱ ገና ቢጫ ነበር እኔ ሳየው።

ስሙም ራሱ አዲስ ነው። ከተማዋ ዦንግዲያን ነበር የምትባለው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከአንድ የ1933 የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ላይ ስሙን ወስደው ሻንግሪላ አሏት፤ ቱሪስት መጣ። ብልሃት ነው እንግዲህ።

---

እግረኛው

ገደሉን ማንም በዝርዝር ስላልነገራት እኔ ልግባ።

የነብር ዝላይ ገደል ማለት የጂንሻ ወንዝ፣ ማለትም የያንግትዜ የላይኛው ክፍል፣ በሁለት ተራራ መካከል ሲጨመቅ ነው። በአንድ ወገን 5,596 ሜትር፣ በሌላው 5,396። የእግር መንገዱ ላይኛው ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ በሁለት ቀን ዘና ብላችሁ። መግቢያው 45 ዩዋን። የሊጂያንግ ማረፊያዎች ጠዋት ሚኒባስ ያገናኛችኋል፤ ትልቁን ቦርሳ በመኪናው ወደ መድረሻችሁ ይልኩላችኋል። ላኩት። አትኩራሩ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ "28 ጥምዝ" የሚባል ዳገት አለ። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት አንድ ሰው በቅሎውን እየሳበ ከኋላችሁ ይከተላል። ምንም አይናገርም። ቃጭሉ ብቻ ነው የሚሰማው። ስትቆሙ ይቆማል። ስትሄዱ ይሄዳል። እንደ ጅብ ነው፤ ድካማችሁን ይጠብቃል። እኔ "የሰሜን ሸዋ ልጅ በቅሎ ላይ ለጉብኝት አይወጣም" ብዬ ፎከርኩ። 15ኛው ጥምዝ ላይ ዋጋ ጠየቅሁ። 20ኛው ላይ ወጣሁ። ጥምዙ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ይወጣል።

ሌሊቱን መንገዱ ወገብ ላይ ባሉት ማረፊያዎች እደሩ፤ ጠዋት መጋረጃ ስትከፍቱ ገደሉ ፊታችሁ ነው።

አሁን ቁም ነገሩ። ሰኔ ዝናብ ነው። ዝናብ ሲበዛ ድንጋይ ይወርዳል፣ መንገዱም ይዘጋል። ከሊጂያንግ ስትነሱ የማረፊያውን ባለቤት ጠይቁ፤ "አይሆንም" ካሏችሁ አይሆንም። የወንድምሽ ስኒከር ሶሉ ካለቀ ሌላ ይግዛ። ሊጂያንግ አዲሱ ከተማ ገበያ ላይ የወታደር መሰል የሸራ ጫማ በርካሽ ይሸጣል፤ የአገሩ ገበሬ በሙሉ በእሱ ነው ገደል የሚወጣው።

---

ዱባይ_ነኝ

ከፍታውን ችላ እንዳትሉ። እኔ ከዱባይ፣ ከባሕር ጠርዝ፣ በሁለት ቀን ሻንግሪላ ገባሁ። 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱን ራሴን ይዤ ነጋ። የምትሸጠውን የኦክስጅን ጣሳ ገዝቼ ሳብኩ፤ ጠቀመኝ ለማለት አልደፍርም።

---

እግረኛው

አንተ ከአሸዋ ተነስተህ ነው። የማሪቱ ወንድም ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ሊጂያንግ ለእሱ ሰፈሩ ማለት ነው፤ ከፍታው እኩል ለእኩል ነው። ሻንግሪላ ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር እንደማደር ነው። ማሪቱ ናት ጓንዡ የለመደችው። ግን ዳሊ 2,000፣ ሊጂያንግ 2,400 እያለች ቀስ ብላ ስለምትወጣ አያስቸግራትም።

ሻንግሪላ ላይ ደግሞ አንድ ድንቅ ነገር አለ፤ በሶ! ቲቤቶቹ "ጻምፓ" ይሉታል። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ሻይ ተለውሶ፣ በእጅ ይጨመቃል። ቅቤው የያክ ነው፤ ሻይው ጨው አለበት። ባለቤቷ እንዴት እንደሚለወስ ልታሳየኝ ስትል እኔ ቀድሜ ጨብጬ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችኝና ባሏን ጠራችው።

---

ማሪቱ_በቦርሳ

ተመለስን! ሒሳቡን ላምጣ። ለሁለት ሰው 4,870 ዩዋን ወጣ። ሊሆን የቻለው ሁለት ነገር ስለተውን ነው። የበረዶ ተራራውን ገመድ መኪና አልወጣንም፤ መግቢያውና ገመዱ ተደምሮ ሦስት ቀን ያኖረናል። ፓጎዳዎቹንም ሲራራ እንዳለው ከውጭ አየናቸው።

ገደሉ አልተሳካም። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ የማረፊያው ባለቤት ጠዋት እጁን አወዛወዘ፤ በቃ። ወንድሜ የሸራ ጫማውን ገዝቶ ጨርሶ ነበር። ያን ቀን ባይሻ ቁጭ ብለን ዝናብ ስናይ ዋልን። የተረፈውን ቀን ወደ ኋላ ተመልሰን ለሻሺ ሰጠናት። ድጋሚ የአውቶቡስ ከፈልን፤ አልቆጨኝም።

ከበሮውን ወንድሜ መታ። ካዛንቺስ፣ ልጅቷ አሁንም አለች።

ሦስቱን ገንዳም አገኘኋቸው። አንድ ቱሪስት የመጀመሪያው ላይ የሎሚ ሻይ ብርጭቆውን ሲያለቀልቅ ደረስኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ አሮጊቷ የሉም። እኔው በቻይንኛ ተቆጣሁት። ጋሼ፣ በእርስዎ ምትክ ነው።

አሁን ሻሺ። አርብ ጠዋት በጭጋግ ወጣን። ገበያው አሮጌው አደባባይ ላይ አይደለም፣ ከላይ በዋናው መንገድ በኩል ነው። አደባባዩ ባዶ ነበር፤ አንድ ውሻ ብቻ። ገበያው ግን ከተራራ በወረደ ሰው ተሞልቷል። የዪ ብሔረሰብ ሴቶች ሰፊ ጥቁር የራስ መሸፈኛ አድርገው ጫጩት በቅርጫት ይሸጣሉ። ጥርስ ነቃይ መንገድ ዳር ወንበር ዘርግቷል። እንጉዳይ በዛፍ ቅጠል ላይ ተደርድሯል። እኛን ለማየት ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ወደ ድርድራቸው ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከየት እንደሆንን ጠየቁኝ። "አይሳይኧቢያ" አልኳቸው። ሩቅ ነው ወይ አሉኝ። ሩቅ ነው አልኳቸው። ተራራ አለ ወይ አሉኝ። አለ፣ ከዚህም ይበዛል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የበቅሎ ዕቃ ነበር የሚሸጡት። ኮርቻ፣ ልጓም፣ ቃጭል።

ወንድሜ ከናስ የተሠራች ቃጭል ገዛ። ቦርሳው ውስጥ ካልሲ ወትፎባት እንኳ ትጮሃለች። ከዚያ በኋላ ባለው ጣቢያ ሁሉ ፍተሻ ላይ "ምንድን ነው? አውጣው" እየተባለ ቆመናል። አንዲት ፈታሽ ሁለት ጊዜ አንኳኩታ ሰምታ ነው የመለሰችለት።

---

ሲራራ

ቃጭሏን በስንት ገዛችሁ?

---

ማሪቱ_በቦርሳ

120 ብለው ጀመሩ። በ60 ጨረስን።

---

ሲራራ

እኔ በ25 ነው የገዛሁት። ያውም ሁለት።